ምንጣፉን ሳታነሳ ቀብድ አትክፈል

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሱሉልታ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሱሉልታ ነው የምኖረው። ሦስት ፈረሶች አሉኝ። ሁለቱ የአገር ፈረሶች ናቸው፤ አንዷ ዲቃላ ባዝራ ነች። ለጥምቀት ጃንሜዳ ይዣቸው እወርዳለሁ። ሲታመሙ ደግሞ ቢሾፍቱ እወስዳቸዋለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን አንድ ቀን ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ድረስ ይዣቸው ብሄድ ምኞቴ ነው። እስካሁን የማጓጉዛቸው አይሱዙ እየተከራየሁ ነበር። አምና ባዝራዋ ከአይሱዙው ስትወርድ ተንሸራታ ጉልበቷ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ የፈረስ ተሳቢ ልገዛ ቆርጫለሁ። ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ሁለት ፈረስ ይይዛል። የሚሸጠው ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ዜጋ ነው። ቀለሙ ለቅቋል፤ ሦስት ዓመት ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ሌላው ቡራዩ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ነው። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ዋጋውም የመጀመሪያው ግማሽ ነው። መኪናዬ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ ተርቦ የላትም። የቱን ልግዛ? ደግሞስ ፈረሶቹን የሚጠብቅልኝ ልጅ እንደ አይሱዙው አብሯቸው ውስጥ ይቁም? — ባለ ዳማው ከሱሉልታ»

ወንድሜ፣

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። ወለሉና ፍሬኑ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ አሮጌውን ግዛ። የሚያብረቀርቀውን ግን እንዳለ አትግዛው። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ እጽፍልሃለሁ። አሮጌው ሳይሆን ቢቀርና ሦስተኛ ፍለጋ ብትወጣ ይጠቅምሃል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሁለቱንም መልክ ነግረኸኛል። ዋጋቸውንም ነግረኸኛል። ስለ ወለላቸውና ስለ ፍሬናቸው ግን አንድ ቃል የለም። ለእኔ የፈረስ ተሳቢ ማለት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቀለም ይቀባል። መብራት ይቀየራል። በር ይበየዳል። ወለል ሲበሳ ግን የሚሄደው የፈረሱ እግር ነው። ፍሬን ሲጠፋ ደግሞ ፈረሱም አንተም፣ ከፊትህ ያለው ሰውም አደጋ ላይ ናችሁ።

እስቲ መንገድህን አስበው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ አገር ነው። ወደ ጃንሜዳ ስትመጣ መጀመሪያ ዳገቱን ትወጣለህ። ከዚያ ቁልቁል ወደ አዲሱ ገበያ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የሲሚንቶ መኪና አለ። ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ በድንገት ጥግ ይይዛል። እንጨት የተጫነች አህያ መንገድ ታቋርጣለች። እዚያ ቦታ ላይ ፍሬን ስትይዝ ከኋላህ ያለው ክብደት አብሮህ መያዝ አለበት። ካልያዘ ይገፋሃል።

ክብደቱን እንደምረው። የአገር ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 250 ኪሎ አካባቢ ነው። ዲቃላዋን 450 እንበላት። ባለ ሁለት ፈረስ የአውሮፓ ተሳቢ ባዶውን ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። አንድ የአገር ፈረስና ዲቃላዋን ብትጭን፣ ድርቆሹን፣ ውሃውንና ኮርቻውንም 50 ብንለው በድምሩ 1,650 ኪሎ ገደማ ሆነ። ይህ ክብደት ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጤፍ አይደለም። ነፍስ ያለው፣ የሚንቀሳቀስ፣ ሲደነግጥ የሚራገጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጠቅላላ ክብደቱ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው በሕግ ግድ ነው። ያንተ የዚያ እጥፍ ሊሆን ነው። ስለዚህ የቡራዩውን ሰውዬ ስለ ዋጋ ከመከራከርህ በፊት «ፍሬን አለው ወይ?» በለው። «ቀላል ነው፣ የመኪናህ ፍሬን ይበቃዋል» ካለህ አመስግነህ ውጣ።

ስለ ሞተርህ ደግሞ ልንገርህ። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል። በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣል። ሱሉልታ ላይ ሩቡን ያህል አጥቷል ማለት ነው። ይህ ግን ብዙ አያስጨንቀኝም። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ቀስ ብለህ ትወጣለህ፤ የሙቀት መለኪያውን እያየህ። ከኋላህ ያለው ሾፌር ጡሩንባ ቢነፋ ይንፋ። እኔን የሚያስፈራኝ መውረዱ ነው። የእንጅባራ ምኞትህ ሲሳካ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አባይ በረሃ ይጠብቅሃል። ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ መልሰህ የምትወጣበት ነው። ተሳቢህን ስትመርጥ ያንን ጠመዝማዛ በዓይነ ሕሊናህ ይዘህ ምረጥ።

ተሳቢዎች በብዛት ሁለት ዓይነት ፍሬን አላቸው። የአሜሪካዎቹ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ጋቢና ውስጥ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ይፈልጋሉ። የአውሮፓዎቹ በመግፋት ነው የሚሠሩት። መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው ወደ ፊት ይገፋል። የመጎተቻው ዘንግ ወደ ውስጥ ይገባና የተሳቢውን ፍሬን ይስባል። ከመኪናህ ጋር የሚያገናኘው የፍሬን ሽቦ የለም። ለእኛ አገር ይህ ይሻላል እላለሁ። ታምቡርና የፍሬን ሸራ የሚያውቅ ማንኛውም መካኒክ ይጠግነዋል። አንድ ጠባይ ግን አለው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑም ሳይለቅ ይቆያል፤ ይግላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንስ። ሞተሩ ይያዝልህ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከሸተተህ ጥግ ይዘህ ቁም፣ ይቀዝቅዝ።

ያንተ አሮጌ ሦስት ዓመት ቆሟል ብለሃል። የቆመ ፍሬን ይታመማል። ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ይዝጋል። የኩሽኔታው ግራሶ ይደርቃል። ስለዚህ መካኒክህን ይዘህ ሂድ። እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩ። ጆሮህን ጠጋ አድርገህ ስማ። ዝም ብሎ ቢዞር ጥሩ ነው። ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ኩሽኔታ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ቁጥሩን ጽፈህ ያዝ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ስበህ እንደገና ለማሽከርከር ሞክር። ጎማው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሌላም አንድ ነገር አለ። ከመጎተቻው አጠገብ ቀጭን የሽቦ ገመድ ትኖራለች። ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን ስባ የምታቆመው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ ተበጥሳ ነው የምትገኘው። ካለች ጤንነቷን እይ፣ ከሌለች አስገጥም።

አሁን ወደ ወለሉ ልምጣ።

ስለ ወለል ይህን ያህል የምጨነቀው ደርሶብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ቦራ ፈረስ ነበረኝ፤ ስሙም ቦራ ነበር። ከሆለታ ወደ አዲስ አበባ ላመጣው ከአንድ ሰው ተሳቢ ተዋስኩ። ሲያዩት ደህና ነው። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ምንጣፉን አላነሳሁም። የሰው ዕቃ እየፈተሽኩ እንዳልመስል ይሉኝታ ያዘኝ። ቡራዩ ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቆ እየተንፏቀቅን ነበር። ከኋላዬ ደረቅ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ ተሳቢው ተንቀጠቀጠ። ወርጄ ስሮጥ መንገደኞች እየጮሁ ወደ ታች ይጠቁማሉ። የቦራ የኋላ እግር ወለሉን በስቶ እስከ ቋንጃው ወጥቷል። ሰኮናው አስፋልቱን ነክቷል። ፈጠን ብለን እየሄድን ቢሆን ኖሮ እግሩ አይተርፍም ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ከአንድ ግቢ መጋዝ አምጥተው ጣውላውን ቆርጠን አወጣነው። ቆዳው ከቋንጃው እስከ ሰኮናው ተገሽልጦ ነበር። ዳነ። ጉግስ ግን ከዚያ በኋላ አልወጣም። ተሳቢ ውስጥም እስኪሞት ድረስ አልገባም፤ እኔም በግድ አላስገባሁትም።

ስለዚህ ይሉኝታህን ቤትህ ትተህ ሂድ። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አንሳ። ጫፉን ገለጥ አድርገህ አትለፍ። ከባድ ነው፤ ልጁ ይርዳህና ጎትታችሁ ወደ ውጭ አውጡት። መጀመሪያ አሽትት። የቆየ የሽንት ሽታ መኖሩ አይቀርም። እንደ ረጠበ አፈር፣ እንደ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ግን እንጨቱ ከውስጥ እየበሰበሰ ነው። ከዚያ ካቻቢቴ ያዝ። እያንዳንዱን ጣውላ ጫን ብለህ ውጋ። ጤነኛ እንጨት አያስገባህም። ጫፉ ትንሽ ነጥብ ጥሎ ይመለሳል። የበሰበሰ ሲሆን ድፎ ዳቦ እንደመውጋት ነው። በተለይ ጥጋጥጉን፣ ጣውላው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትንና የፈረሱ የኋላ እግር የሚቆምበትን አትለፍ። ሽንት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ወለሉ አሉሚኒየም ቢሆንም ሽንት ይበላዋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርና ጉድጓድ ጉድጓድ ካየህ ተጠንቀቅ።

ከላይ ስትጨርስ ከሥር ግባ። ማዳበሪያ አንጥፈህ በጀርባህ ተኛ፣ ባትሪ ያዝ። ወለሉን የተሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች አንድ በአንድ በመዶሻ ቀስ እያደረግህ ምታ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል። የተበላው ደረቅ ድምፅ ይሰጥና ዝገቱ ይረግፋል፤ ዓይንህን ጠብቅ። የብረቶቹ ርቀት ከ40 ሴንቲ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ሻሲው ጤነኛ ሆኖ ጣውላው ብቻ ቢበሰብስ ተስፋ አትቁረጥ። ጣውላ ይቀየራል። ዋጋውን ከመሸጫው ላይ አስቀንስ። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ይሁን። በጣውላዎቹ መካከል ሽንት የሚወርድበት ጠባብ ክፍተት ይተው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ጣውላ ብታገኝ ከእሱ የሚሻል የለም፤ ጽድ መበስበስን የሚቋቋም እንጨት ነው። ምናለሽ ተራ ጠይቅ። ኮምፔንሳቶ ግን እንዳያደርጉልህ። ሲያዩት ያምራል፣ ክረምቱን አይሻገርም። ከገዛህ በኋላም ከየጉዞው ስትመለስ ምንጣፉን አውጥተህ እጠብና ሁለቱንም ፀሐይ አስመታቸው።

የቡራዩውን በያጅ ሙያ እየናቅኩ እንዳይመስልህ። የእኛ በያጆች ከምንም ተነስተው ጥሩ ነገር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እንዲያውም አገር ውስጥ የተሠራ ተሳቢ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በብዛት የሚቆመው በባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ቢሰበር እዚያው ሱሉልታ ታሠራለህ። የአውሮፓዎቹ ብዙዎቹ አክስላቸው ውስጥ ጎማ የተጨመቀበት ነው። ለፈረሱ ይመቻል፣ ሲያረጅ ግን እንደ ባሌስትራ በቀላሉ አይጠገንም። ስለዚህ አሮጌውን ስታይ ቀጥ ያለ ቦታ አቁመህ በሁለቱም በኩል ከጎማው እስከ ጭቃ መከላከያው ያለውን ርቀት ለካ። አንዱ ጎን ወርዶ ከሆነ በዚያ በኩል አክስሉ ውስጥ ያለው ጎማ ሞቷል።

የአዲሱ ችግር የተሠራው ፈረስ ለመጫን ታስቦ ላይሆን መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ የዕቃ ተሳቢ ላይ ግድግዳና ጣሪያ ይበየድበትና «የፈረስ» ይባላል። በእጅህ ውስጡን ዳብስ። የላሜራው ጠርዝ እጅህን ከቧጨረ የባዝራዋን ቆዳ ይቀዳል። በቁመትህ ልክ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ብለህም ዳብስ። ፈረስ ሲራገጥ ቀጭን ላሜራ ይበሳል፤ እግሩም እዚያው ይያዛል። ስለዚህ እስከ ደረቱ ድረስ ከውስጥ በጣውላና በጎማ መሸፈን አለበት። የመጎተቻውን ብየዳ ደግሞ ቀለም ሳይቀባ ብታየው ጥሩ ነበር። ሰውዬው በአክስሉ ላይ ፍሬን ልግጠም፣ ወለሉን በወፍራም ጣውላ ልሥራ፣ ውስጡን ልሸፍን ካለህና ይህንንም በጽሑፍ ከፈረመልህ ያኔ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ዋጋውም ያኔ ግማሽ አይሆንም። ሁለቱን ማወዳደር ያለብህ በዚያ ዋጋ ነው።

ስፋቱን በባዝራዋ ለካ። የአገር ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ 1.30 ሜትር አካባቢ ነው፤ 2 ሜትር ጣሪያ ይበቃዋል። እሷ 1.50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች ከ2.20 ሜትር ያላነሰ ጣሪያ ያስፈልጋታል። ለእያንዳንዱ ፈረስ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ወርድ ጥሩ ነው። መካከለኛው ክፋይ እስከ ወለሉ ድረስ ድፍን ባይሆን እመርጣለሁ። ፈረስ ኩርባ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው እግሩን ከፈት አድርጎ ነው። ግድግዳ ከከለከለው ይወድቃል፣ ወይም እንዳይወድቅ ይራገጣል። ብዙ ሰው «ፈረሴ ተሳቢ አይወድም» ሲል የምሰማው እግሩን የሚከፍትበት ቦታ ስላጣ ነው።

መስኮቱን እይ። አየር በሁለቱም ጎን መግባት አለበት። ውስጡ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ቢሆን ይሻላል፤ ፈረስ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ግባ ሲሉት እግሩን ይተክላል። ማሰሪያውም አንገቱን ዝቅ ለማድረግ የሚበቃ ይሁን። ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ታስሮ ለሰዓታት የሄደ ፈረስ የገባበትን አቧራና ንፍጥ ማውጣት አይችልም፤ በማግሥቱ ሳንባው ሊታመም ይችላል። ወደ ቢሾፍቱ ሲሆን ችግር የለውም። ወደ እንጅባራ ሲሆን ግን በየአራት ሰዓቱ ቁም፣ ውሃ ስጥ፣ አንገታቸውን ያውርዱ። ድርቆሹንም ውሃ ነካ አድርገው፣ አቧራው ይተኛል።

የጎን በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት አይተሃል? እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። በሩ ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር ቢከፈት ነው የሚሻለው። በግራ ከሚነዳበት አገር የመጣ ተሳቢ ከሆነ ወደ መኪናው ጎርፍ ሊከፈት ይችላል። ይህ ብቻውን ግዢውን አያስቀርም፤ በየትም ስትቆም ግን ልብ በል። አንድ ፈረስ ብቻ ስትጭን በግራ በኩል ጫነው። ሁለት ከሆኑ ከባዷ በግራ። መንገዳችን ወደ ዳር ስለሚያዘነብል ክብደቱ በቀኝ ከሆነ ተሳቢው ወደ ቦዩ ይስባል።

ማያያዣው ላይ ሰው ብዙ ይሸወዳል። ተሳቢው የሚያያዝበት፣ መኪናው ላይ ያለው የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ባለ 2 ኢንች 50.8 ይሆናል፤ ከሱ ያነሰ ደግሞ 47.6 የሚሆን አለ። በዓይን አይለዩም። ትንሿን ኳስ በ50ው ማያያዣ ብትገጥማት ጎርባጣ ላይ ዘላ ትወጣለች። ኳሱ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከገጠምክ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ አንሳው። የመኪናህ ቂጥ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ሃይሉክስ ከፍ ያለች መኪና ናት። የተሳቢው አፍንጫ ሽቅብ ካየ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና መንገድ ላይ ጭራውን ይወዘውዛል። ተሳቢው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ጋንቾውን ዝቅ አስደርገው። መኪናዋ ስንት ኪሎ መሳብ እንደምትችል መመሪያ መጽሐፏ ላይ አለ። ተሳቢው ላይ ደግሞ ከፍተኛ ክብደቱ የተጻፈበት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ። ሁለቱን አስተያይ።

ጎማው አዲስ ቢመስልህም አትመነው። የተሳቢ ጎማ የሚያረጀው ቆሞ ነው። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር ፈልግ። 2318 ቢል በፈረንጅ 2018፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ 2010 ማለት ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈው ሁሉንም ቀይር፤ ዋጋውን አሁኑኑ ደምረው።

ወረቀቱን ከመልኩ እኩል ተመልከት። ሊብሬ አለው? ታርጋስ? ሻሲው ላይ የተመታው ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ሻጩ የውጭ ዜጋ ስለሆነ ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነ ጠይቅ። ከሆነ ያ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ማን እንደሚከፍለው ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ተነጋገሩና ውላችሁ ላይ አስገቡት። ውልና ማስረጃ ሳትሄዱ ብሩን እንዳትጨርስለት።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ባዝራዋን ይዘህ ሂድ። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ተሳቢው ከመኪና ጋር ተያይዞ ይቁም። ሳይያያዝ ፈረስ ከወጣበት ይገለበጣል። አትቸኩል። መወጣጫው ላይ እግሯን ታስቀምጥ፣ ታሽትት፣ ትመለስ፣ እንደገና ትሞክር። መወጣጫው ተዳፋቱ እንደ ጣሪያ ከሆነና ሰኮናዋ የሚንሸራተት ከሆነ ያየኸው የአይሱዙውን ችግር ነው፤ ጎማ ይለበስበት። ስትገባ መጀመሪያ የኋላውን ማገጃ ዝጋ፣ ከዚያ መወጣጫውን አንሳ፣ ራሷን የምታስረው በመጨረሻ ነው። ስታወርድ ደግሞ መጀመሪያ ራሷን ፍታ። ታስራ ሳለ ኋላዋ ከተከፈተ ትጎትታለች፣ ማሰሪያው ያንቃታል፣ ትወድቃለች። ማገጃው ፈረስ እየገፋውም ቢሆን ከውጭ የሚለቀቅ መሆኑን እዚያው ሞክረው።

ዋጋው ከከበደህ ሱሉልታ ላይ ፈረስ የሚይዙ ጎረቤቶች አታጣም። ሦስት አራት ሆናችሁ ዕቁብ ጀምሩ፣ በጋራ ግዙት። ጥምቀት ላይ ማን እንደሚወስደው ግን ከወዲሁ ተነጋገሩ። ቁስል ያለበት የሌላ ሰው ፈረስ ከተጫነበት ደግሞ ያንተን ከመጫንህ በፊት በሳሙና ታጥቦ በፀረ ተባይ ይጽዳ። በቁስል የሚተላለፍ የፈረስ በሽታ በአገራችን ብዙ ነው።

ስለ ልጁ ጠይቀኸኛል። አይቁም። አይሱዙ ላይ ክፍት ነው፣ ዘሎ ይወርዳል። ተሳቢ ውስጥ መውጫ የለውም። ፈረስ ሲወድቅ የሚወድቀው እሱ ላይ ነው፤ ቢጮህም ጋቢና ውስጥ ሆነህ አትሰማውም። ጋቢና ውስጥ ካንተ ጋር ይቀመጥ። ሱሉልታን ለቅቃችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ስትሄዱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልገህ ቁም። ልጁ ይውረድ። ማሰሪያቸውን ይይ፣ ማገጃውን ይንካ፣ እጁን ወደ ጎማዎቹ ጠጋ አድርጎ ሙቀታቸውን ያዳምጥ። ተመልሶ «ደህና ናቸው» ሲልህ ማርሽ ቀንስና ውረድ።